ሐሙስ በሾላ ሜዳ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የጎንደርን ግንብ ላስጎበኝ ነው ብዬ የወንድሜን ኮት ተውሼ ሄድኩ። የጉዞ ድርጅቱ ቢሮ ፒያሳ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ባለቤቷ ወይዘሮ አስካለ ኮቴን ከላይ እስከ ታች አዩና ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት የት የት ልትጸዳዳ እንደምትችል ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። እንግዲያው ዛሬ ሄደህ እይ፣ በሩ ከውስጥ መዘጋቱንም፣ ውሃ መኖሩንም ሳታይ እንዳትመጣ አሉኝ።

በሚኒባስ ሄድኩ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ወረድኩ፤ ዳባት ላይ ወረድኩ፤ በየሆቴሉና በየሻይ ቤቱ እየገባሁ የጓሮ በር አስከፈትኩ። አንዲት ባለ ሆቴል ከጤና ቢሮ የተላክሁ መስሏት ቁልፉ ጠፍቷል አለችኝ። ማምሻውን ኮቱ አቧራ ለብሶ ተመለስኩና ያየሁትን ነገርኳቸው። ወይዘሮ አስካለ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ነገ ና አሉኝ። የተቀጠርኩት በዚያች ቃል ነው።

ስሜ ከድር ነው። የጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ይነግድ ነበር፤ አያቴም ነጋዴ ነበር። አባቴ እኔን ከባንኮኒው ኋላ ሊያቆመኝ ይፈልግ ስለነበር፣ ሰው ማዞር ምን ሥራ ነው ይለኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ጓደኞቹን ቢሮዬ ድረስ ይዞ እየመጣ ልጄ ነው ማለት ጀመረ።

ይህንን የምጽፈው በሙያው ላላችሁና ገና ለምትጀምሩ ነው። በእኛ ሥራ የአካባቢ አስጎብኚ አለ፣ ሾፌር አለ፣ ኩክ የምንለው ምግብ አብሳይ አለ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጣ ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ስካውትና በቅሎ ነጂ አለ። እኔ ከአስጎብኚነት ጀምሬ የጉዞ አስተባባሪ ሆንኩ። አስተባባሪ ማለት እንግዳው ከመምጣቱ በፊት የሚደክም፣ እንግዳው ሲመጣ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። ነገሩ ሁሉ ከተሳካ እንግዳው ስሙን ይረሳዋል።

ከእስራኤል አገር የሚመጡ እንግዶችን መቀበል የተማርኩት ቀስ በቀስ ነው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማኪና መቆም እንዳለበት፣ ሆቴሉ ከጸሎት ቤት በእግር የሚደረስ መሆን እንዳለበት፣ ለምግባቸው አዲስ ድስት መግዛት እንደሚሻል በሥራው ላይ ተማርኩ። ሥጋውን ያረደው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን አልከበደኝም። እስላምና ክርስቲያን አጥር ተጋርቶ፣ ሥጋ ለየብቻ እየበላ በሚኖርበት ሰፈር ነው ያደግሁት።

ከዚያ ሥራ የጠፋበት ዘመን መጣ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ አውሮፕላኑም ባዶውን ሲመላለስ ብዙ ባልደረቦቼ ባጃጅ ነዱ፤ አንዳንዶቹም ከተማውን ለቀው ሄዱ። ወይዘሮ አስካለ ግን ቢሮውን አልዘጉም። በየጠዋቱ መጥተው መስኮቱን ከፍተው ይቀመጡ ነበር። ስልኩ የጮኸው ነገሩ ትንሽ በተረጋጋ ሰሞን ነው።

ከእስራኤል አገር የደወለችው ዓለምነሽ የምትባል ነርስ ነበረች። አማርኛዋ የእኛው የጎንደር አማርኛ ነው። ገና ሕፃን ሳለች አባቷ በጀርባው አዝሎ በሱዳን በኩል እንዳወጣት ነገረችኝ። አሁን ልጇ ሺራ አሥራ ሁለት ዓመት ልትሞላ ነው። በእነሱ ሥርዓት ሴት ልጅ በዚያ ዕድሜዋ ነው የኦሪትን ትእዛዝ በራሷ ኃላፊነት መጠበቅ የምትጀምረው፤ በዓሉን ባት ሚጽቫ ይሉታል። የወንዱ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ጎረቤቶቿ አዳራሽ ተከራይተው፣ ሙዚቀኛ ጠርተው ይደግሳሉ። ዓለምነሽ ግን የልጇ በዓል አባቷ በተወለደበት መንደር እንዲሆን ቆርጣለች። ይህን ሁሉ ሳትነግረኝ በፊት ግን፣ ገና ስልኩን ሳነሣ «ጋሽ ከድር፣ የአያቴን መስጊድ ፈልግልኝ» ነበር ያለችኝ።

መስጊድ ስትል ሰዎቹ እስላሞች መሰሉኝና የየትኛው ሰፈር እስላሞች ናችሁ አልኳት። ሳቀች። ቤተ እስራኤሎች ድሮ ጸሎት ቤታቸውን የሚጠሩት መስጊድ ብለው እንደነበር ያን ቀን ከእሷ ሰማሁ፤ የሚሰገድበት ማለት ነው። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ሸምግዬ ይህን አለማወቄ ገረመኝ። አባቴ በሕይወት ቢኖርና ብነግረው እሱም እንደኔ ይገረም ነበር።

መንደሩ ሾላ ሜዳ ይባላል፤ ከትክል ድንጋይ ከተማ በእግር የሚኬድ ነው። የአባቷ አባት እዚያ ቄስ ነበሩ፤ ቤተ እስራኤሎችም መሪያቸውን ቄስ ነው የሚሉት። የአባቷ እናት ደግሞ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እዚያው ተቀብራለች። ዓለምነሽ የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው። መስጊዱ የነበረበት ቦታ ላይ ልጇ እንድትቆም፣ የአባቷም እናት መቃብር እንዲገኝ።

መጀመሪያ የተነጋገርነው ስለ ቀኑ ነው። እሷ ቅዳሜ ይሁን አለች። ወይዘሮ አስካለ የቀን መቁጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ቅዳሜ ማኪና ስለማይነዱ ሾላ ሜዳ ሊያድሩ ነው ወይ አሉ። ዓርብ የመልስ መንገዱ ከሰንበት መግቢያ ጋር ይጋጫል፤ ለመንደሩ ክርስቲያኖችም ጾም ነው። ረቡዕም ጾም ነው። ሰኞና ሐሙስ በእነሱ ሥርዓት ኦሪት የሚነበብባቸው ቀኖች መሆናቸውን ከቀደሙ እንግዶች አውቅ ነበር። የዚያ አገር ሰው ሰኞ ገበያ ይውላል። ሐሙስ ቀረልን። ስነግራት ዓለምነሽ ሐሙስ ሸጋ ነው አለች።

ቀጥሎ ድግሱ መጣ። ዓለምነሽ በግ ይታረድ አለች። የአይሁዱን ሥጋ ክርስቲያኑ አይበላውም፣ የክርስቲያኑንም አይሁዱ አይበላውም፣ እኔም የሁለቱንም አልበላም። በጉ ሦስት ቦታ ሊያስቀምጠን ነው አልኳት። ስለዚህ ሥጋ በሌለበት ድግስ ተስማማን። ዳቦ፣ ሽምብራ፣ ድንች፣ ሽሮና ብርዝ። ዳቦውን ራሷ በሆቴሉ ማድ ቤት ልትጋግር፣ እኛ ደግሞ አዲስ ድስትና አዲስ ትሪ ልናዘጋጅላት።

ከዚያ በኋላ ቦታውን ለማየት ብቻዬን ሄድኩ። ማኪናዬን ትክል ድንጋይ አቁሜ በእግሬ ወረድኩ። ገብሱ ታጭዶ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ የድሮ መስጊድ እፈልጋለሁ ስላቸው እዚህ እስላም ኖሮ አያውቅም አሉኝ። አንድ ሽማግሌ ግን የምፈልገውን ዐወቀ፤ ቤተ እስራኤሎችንም በድሮ መጠሪያቸው ጠራቸው። ስድብ ስለሆነ እዚህ አልደግመውም። የጠራቸው በስድብ መሆኑን ረስቶት ይመስለኛል፤ ሲናገር ክፋት አልነበረበትም።

የሄዱት ሰዎች ልጅ ልጃቸውን ይዘው መምጣት ይፈልጋሉ ስላቸው ጨዋታው ቆመ። መንሹን የያዘው ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ። ሰውየው አያ ደሴ ይባላሉ፤ ስድሳን ያለፉ፣ ረጅምና ቀጭን ገበሬ ናቸው። መስጊዱ የነበረበት ቦታ ከማሳቸው ጫፍ ላይ ነው። «ሰዎቹ ምነው አሁን መምጣት ፈለጉ?» አሉኝ። ስለ በዓሉ አስረዳሁ። አያ ደሴ ከዚህ ቀደም ሜትር የያዙ ሰዎች ዝም ብለን እናያለን ብለው መጥተው በሁለተኛው ዓመት የጎረቤታቸውን መሬት መንገድ እንደወሰደው ነገሩኝ። እንግዳ ከውጭ መጥቶ የአያቴ ቦታ ነው ካለ ቀጥሎ የሚመጣውን እናውቃለን አሉ። ሌላውም ከእሳቸው ጋር ሆነ። አልተቆጡኝም፤ ውሃ አጠጥተው ሸኙኝ።

ያን ምሽት ነገሩን ለወይዘሮ አስካለ ነገርኩ። ከወረዳ ደብዳቤ ማጻፍ እንችል ነበር፤ ቀበሌው ትእዛዝ ከሰጠ ማንም አይከለክለንም። ይህንንም ነገርኳቸው። እሳቸው ልጅቷ ልትቆም ነው ያልከኝ የት ነው አሉኝ። ማሳው ጫፍ ላይ አልኳቸው። «በትእዛዝ የተሰበሰበ ሰው መሃል ነው የምታቆማት?» አሉኝ። የደብዳቤውን ነገር ከዚያ በኋላ አላነሣነውም።

ለዓለምነሽ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ለልጅቷ ነጭ ቀሚስ ተሰፍቷል። አለቀሰች። ከዚያ ለመንደሩ ስጦታ ይዘን ብንመጣስ አለች። ስጦታ ከቀደመ የመሬቱ ቀብድ ይመስላቸዋል አልኳት። ስልኩን ለሌላ ሰው አቀበለች። ቆይቶ የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ አባቷ አያ ተገኘ ናቸው። ልጆቹ ሳይመጡ እኔ ቀድሜ ልምጣ፣ አንተ ብቻ አብረኸኝ ትሄዳለህ አሉኝ።

አያ ተገኘን አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልኳቸው። አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ ሰው ናቸው፤ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ። በማግስቱ ወደ ትክል ድንጋይ ስንወጣ ከፊት ወንበር አጠገቤ ተቀመጡ። ከአርባ ዓመት በላይ ለምን ሳይመጡ እንደቆዩ ጠየቅኋቸው። ዓለምነሽ ናት እንጂ እኔ መምጣቱን አልፈለግሁትም ነበር አሉኝ። «እናቴ ገበያ ስትወጣ ገንቦዋን ይገዟታል፤ ፊቷን ግን አያዩም። ዓይኗን ይፈሩታል። እኔ አጠገቧ ቆሜ አያለሁ። ይህን ለልጅ ልጄ ላሳይ ነው የምመጣ?» አሉ። መንገዱን እያየሁ ነዳሁ።

ሾላ ሜዳ ስንደርስ አያ ደሴ አጥራቸውን እየጠገኑ ነበር። አያ ተገኘ ራቅ ብለው ቆሙና ደህና ዋላችሁ አሉ። አያ ደሴ እንደ ወጉ መለሱ፤ ግን ግቡ አላሉም። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአጥሩ ወዲያና ወዲህ ቆሙ። እኔ ላስታርቅ ብዬ አፌን ስከፍት አያ ተገኘ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

«መሬት ሊጠይቅ መጣ መባሌን ሰማሁ» አሉ። «እኛ እዚህ ስንኖር መሬት ኖሮን ያውቃል? አባቴ ቄስ ነበር፤ የሚያርሰው ግን የሰው መሬት ነበር፤ ከምርቱ ለባለ መሬቱ ይከፍላል። ከዚህ ስንወጣ የተውነው መሬት የለም። የተውኩት እናቴን ነው። የት እንዳለች አሳዩኝና ልሂድ።»

አያ ደሴ የያዙትን እንጨት መሬት ላይ አስቀመጡ። ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ «አንቱ» ማለታቸውን ትተው «የቄሱ ልጅ ነህ? ቀጥቃጩ ተገኘ?» አሏቸው። አያ ተገኘ ነኝ አሉ። በወጣትነታቸው ማረሻ ይቀጠቅጡ እንደነበር እኔም ያኔ ሰማሁ። አያ ደሴ በሩን ከፈቱ።

ከውስጥ ስንገባ ግን ለመቀመጥ አልቸኮሉም። መጀመሪያ ወደ ከብቶቹ በረት ወሰዱን። የበረቱ ግድግዳ ከታች በኩል የተጠረበ ድንጋይ ነው። ይህ የመስጊዳችሁ ድንጋይ ነው አሉ፤ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ጣሪያው ሲወድቅ አባቴ እያመጣ ሠራበት። እንደፈሩ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። እስካሁን ሲከለክሉን የነበረው ለመሬቱ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

አያ ተገኘ ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱት። አንዲት ጥጃ እጃቸውን ልትልስ መጣች። ከቆዩ በኋላ ዝናብ ከሚበላው ከብት ቢያስጠልል ይሻላል አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ደህና አልነበረም። አልከፋኝም አላሉም፤ እኔም አልከፋቸውም ብዬ አልጽፍም። ግን ሲወጡ በበረቱ በር ላይ አያ ደሴን ትከሻቸውን ያዟቸው። እኔ ሳውቅ በድሮው ወግ ቤተ እስራኤል ሌላውን አይነካም፣ ሌላውም እነሱን ይሸሻል። ሁለቱም ያደጉት በዚያ ወግ ነው።

ከዚያ አያ ደሴ ወደ ማሳው ዳር መሩን። አንድ ወይራ አለ። ከሥሩ ያለው መሬት እርሻ ነክቶት አያውቅም፤ ሳርና ቁጥቋጦ ነው። አባቴ እዚህ አታርስ፣ ሸክላ ሠሪዋ አለችበት ብሎኝ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላም አላረስኩትም አሉ። አያ ተገኘ ሄደው ከወይራው ሥር ተቀመጡ። እኔና አያ ደሴ ራቅ አልን። አያ ደሴ እኔ ብቻ እንድሰማቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልጆቹ ሐሙስ ይምጡ፣ መንገዱን እኛ እንጠርጋለን አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሙያ ሥራ ነው፤ እሱንም ሠራሁት። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን ስለነበር ሁለት ሚኒባስና አንድ ላንድክሩዘር አስቀድሜ አስሞላሁ። ጸሎቱ አሥር ወንድ ይፈልጋል፤ ከዚያው ከጎንደር፣ ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራቸውን ከሚጠብቁት ቤተ እስራኤሎች ወንዶችን ለመንኩ፤ እነሱም እሺ አሉ። ዓለምነሽ ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያና ካሜራ የሚያነሡ ሁለት ሰዎች አዝዛ ነበር። ድምፅ ማጉያውን አስቀረሁት። በሜዳው ላይ ያልተጠራ ሰው ሁሉ ስብሰባ መስሎት ይመጣል አልኳት። ካሜራውንም አንድ አደረግነው።

ቤተሰቡ ማክሰኞ ገባ። ዓለምነሽ፣ ባሏና ሺራ፤ አያ ተገኘ ጎንደር ቆይተው ነበር የጠበቋቸው። ሺራ ስልኳን ይዛ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ እናቷ ይህን እዪ፣ ያንን እዪ ስትላት አንገቷን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። አማርኛ ትሰማለች፤ መናገር ግን ታፍራለች። ጓደኞቿ በአዳራሽ ሲደግሱ እሷ ለምን ሩቅ አገር እንደመጣች አልገባትም ነበር። እውነት ለመናገር፣ ይህን ሁሉ ስናቅድ እሷን የጠየቃት አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ረቡዕ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ዕቃ ስቆጥር ብቻዋን መጣች። በተሰባበረ አማርኛ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች እንድመጣ ይፈልጋሉ ወይ አለችኝ። ለእንግዳ የሚነገር ጥሩ መልስ ነበረኝ። ግን አልነገርኳትም። መጀመሪያ አልፈለጉም ነበር፣ ፈርተው ነበር፤ አያትሽ ሄደው አነጋገሯቸው፤ አሁን ይጠብቁሻል አልኳት። ፍርሃታቸው ምን እንደነበር ጠየቀችኝ። የመሬቱንም የድንጋዩንም ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ምን እንደሚባል ጠየቀችኝ። ለአንድ ሰውና ለብዙ ሰው ሰላምታው እንደሚለይ አስተማርኳት። ደጋግማ አለችውና ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ትክል ድንጋይን አልፈን ማኪናው የሚቆምበት ስንደርስ መንገዱ በእርግጥም ተጠርጓል፤ ድንጋዩ ተለቅሞ ዳር ተደርድሯል። የመንደሩ ሰው ነጭ ለብሶ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ቆሟል። የአያ ደሴ ባለቤት እማማ ጥሩ ቀድመው መጥተው የልጅቷን ስም ጠየቁ። ሺራ ሲሏቸው የድንኳን ሸራ ነው ወይ አሉ፤ ሴቶቹ ሳቁ። አያ ተገኘ ስሟ ዝማሬ ማለት ነው ብለው አስረዱ። እንግዲያው እኔ ዝማሬ እላታለሁ አሉ እማማ ጥሩ፤ እስከ መጨረሻም እንደዚያው ጠሯት።

መስጊዱ በነበረበት ቦታ አሁን የሚታየው የመሠረቱ መስመር ብቻ ነው። ወንዶቹ በዚያ ውስጥ ቆሙ፤ ጸሎቱ በዕብራይስጥ ተደረገ። ገበሬዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ራቅ ብለው ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያ አያ ተገኘ ከአባታቸው የተማሩትን በግዕዝ ጀመሩ። «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ሲሉ ከገበሬዎቹ መሃል አንድ የቤተ ክርስቲያን ቄስ ቀና አሉ። ይህን እኛም እንለዋለን አሉ አጠገባቸው ላለው ሰው። ሰውየው ለቀጣዩ ነገረው። ቀስ በቀስ ራቅ ብለው የነበሩት ቀረቡ፤ ማንም ቅረቡ ሳይላቸው።

ሺራ ተራዋ ሲደርስ ወረቀት አወጣች። ንግግሯ በዕብራይስጥ ነበር፤ እናቷና አስተማሪዋ አብረዋት ነው የጻፉት። ከወረቀቱ ትንሽ አነበበችና አጠፈችው። ወደ መንደሩ ሰዎች ዞረች። ፊቷ ቀልቷል። ዓለምነሽ ምን ልትሆን ነው ብላ አየችኝ፤ እኔም አላውቅም ነበር።

«ስሜ ሺራ ነው» አለች በአማርኛ። «የተገኘ ልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ ከዚህ ሲሄድ ተደብቆ ነው። ማንንም ደህና ሁኑ አላለም። እኔ ስለ እሱ መጣሁ። ደህና ዋላችሁ?»

ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ አፍ መለሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ ደህና ዋላችሁ አሉ፤ በየቀኑ እንደሚመልሱት አድርገው። ከዚያ እማማ ጥሩ እልል አሉ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። አያ ተገኘ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ነበር። ዓለምነሽ ወደ ልጇ ልትሮጥ ስትል ባሏ ያዛት፤ ገና አልጨረሰችም አላት። ሺራ የአንዱንና የብዙውን ሰላምታ እያፈራረቀች ደህና ነን፣ ደህና ነኝ እያለች ትስቅ ነበር።

ከዚያ ወደ ወይራው ሄድን። ዓለምነሽ የአያቷን ስም ጮክ ብላ ጠራች፤ ሰንበቴ ይባሉ ነበር። ሺራ በልማዳቸው መሠረት ትንሽ ድንጋይ አንሥታ ከመቃብሩ ላይ አስቀመጠች። እማማ ጥሩም ይህን አይተው ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ አነሡ። የእናቴ ገንቦ ከሰንበቴ እጅ ነበር፤ በልጅነቴ ውሃ የምቀዳበት እሱ ነው አሉና አስቀመጡ። ሌሎች ሴቶችም ተከተሏቸው።

ድግሱ በአንድ ድንኳን ሥር ሆነ። ሁሉም ከአንድ ዳቦ በላ፤ እኔም በላሁ። ወይዘሮ አስካለ ጉልበታቸውን እያመማቸው እንኳ መጥተው ስለነበር ከአያ ደሴ አጠገብ ተቀምጠው ስለ ገብስ ሲያወሩ አየኋቸው። አያ ተገኘና አያ ደሴ ስለ ማረሻ ተከራከሩ፤ የዛሬ ብረት እንደ ድሮው ነው አይደለም በሚል። ሁለቱም አልተሸነፉም። ሺራ ከመንደሩ ሴት ልጆች ጋር ሸለቆው ድረስ ወርዳ ስትመለስ ነጩ ቀሚሷ ቆሽሾ ነበር፤ እናቷም ምንም አላለቻትም።

መመለሻችን ሲደርስ አያ ደሴ ወደ ማኪናው መጥተው ወይራውን አጥር ላጥርለት ነው፣ ከብት እንዳይገባ አሉኝ። አያ ተገኘ ከኋላ ሰምተው እኔም ለአጥሩ እመጣለሁ አሉ። በሚቀጥለው ዓመት በእርግጥም መጡ፤ እኔን ሳያስፈልጋቸው፣ ከአዘዞ በራሳቸው ባጃጅና ሚኒባስ ይዘው። የሰማሁት ከአያ ደሴ ነው፤ ደውለው ሰውየው አጥር ማጠር አይችልም ብለው ሲያሙት።

አሁን ቢሮው ውስጥ አዳዲስ ልጆች አሉ። ከውጭ አገር ሲደወል መጀመሪያ አውሮፕላኑን፣ ከዚያ ሆቴሉን፣ ከዚያ ማኪናውን ይይዛሉ። እንግዳው ወደ ሰው መንደር የሚሄድ ከሆነ ይህ ቅደም ተከተል ትክክል አይደለም። ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ወደ ቦታው ሂዱ። እዚያ የሚኖረውን ሰው ምን እንደሚያሰጋው ጠይቁት፤ መልሱንም ለእንግዳው ሳትቀንሱ ንገሩት። ሌላውን ሁሉ ከዚያ በኋላ ማዘጋጀት ይቻላል።